ስልኩ ሳሎን ይደር፦ ቲክቶክና ቴሌግራም እንቅልፍ ለነሱት ልጅ ወላጆች

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከጠዋቱ 2፡15 ይጀምራል። 2፡30 ሳይሞላ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ግንባሩን ክንዱ ላይ ጥሎ ጭልጥ ብሏል። ጠጋ ብዬ ትከሻውን ነካ ሳደርገው ብንን አለና ሰሌዳውንም እኔንም ሳያይ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ኪሱ ባዶ ነው፤ ስልክ በር ላይ ጥበቃዎቹ ጋ ነው የሚቀረው። "ስንት ሰዓት ተኛህ?" አልኩት። "በጊዜ ነው ቲቸር፤ 8 ሰዓት ገደማ።" የሌሊቱን 8 ሰዓት ማለቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ልጁ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የ10ኛ ክፍል ኃላፊም ነኝ። ቤቴ ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው ወላጆች ማርክ ሊሰሙ ሲመጡ የምነግራቸው ነው፤ አብዛኛውን መጀመሪያ የሞከርኩት በራሴ ቤት ነው፣ የከሸፈብኝም አለ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ስልክ ነጥቆ የተሳካለት ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገር ደረጃ ለአምስት ወር ገደማ ተዘግተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ተማሪዎቼ ያኔ ከቲክቶክ አልወጡም፤ የተዘጋውን የሚያስከፍት ቪፒኤን መጫን ለመዱ። ለእናቶቻቸውም የጫኑላቸው እነሱ ናቸው። አገር ዘግቶ ያልተዘጋውን አንድ አባት በቁጣ ይዘጋዋል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ጉልበታችሁን አትበትኑ፤ መጀመሪያ የሌሊቱን ስልክ ብቻ ያዙ። የቀኑ በኋላ ይደረስበታል።

ለምን እንዲህ ይይዛል?

ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ርግቦችን ሳጥን ውስጥ እያስገባ ቁልፍ በመንቁራቸው መምታት አስተምሯቸው ነበር። በመታች ቁጥር እህል የሚወርድላት ርግብ፣ እህሉ ሲቋረጥ ብዙም ሳትቆይ ትተወዋለች። አንዳንዴ የሚወርድላት፣ አንዳንዴ ባዶ የሚሆንባት ግን ቢቋረጥም መምታቷን አትተውም፤ የሚቀጥለው ይሆናል እያለች። ቲክቶክ ላይም አራት የሚያሰለች ቪዲዮ ያልፋል፣ አምስተኛው በሳቅ ይገድላል። ላዩ ላይ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ድራማ እንኳ "ይቀጥላል" ብሎ ይለቃችኋል።

በ2016 ዓ.ም. በቴሌግራም የመጣውን፣ ስክሪን እየነኩ ዲጂታል ሳንቲም የሚሰበስቡበትን የሃምስተር ጌም የረሳ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ልጁም፣ ጎረቤቱም፣ የታክሲ ረዳቱም ስክሪን ሲነካ ከረመ። ሳንቲሙ የተከፋፈለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የደመራ ዕለት! እኛ ሰፈር ችቦ ከያዙት ልጆች ብዙዎቹ በሌላ እጃቸው ስልክ ይዘው ነበር። የወራት ልፋታቸው ከጠበቁት ጋር የሚገናኝ አልነበረም። በማግስቱ ግን ሌላ የሚነካ ነገር አግኝተው ነበር።

"ሱስ" የሚለውን ቃል በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ አለ፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ የሚባል ግን የለም። ይህ ማለት ችግሩ የለም ማለት አይደለም። ልጁን በጎረቤት ፊት "ይሄ ሱሰኛ" አትበሉት ማለቴ ነው፤ ስሙን ከሰጣችሁት ይለብሰዋል።

አንደኛ፦ አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ቁጠሩ

ትንሽ ደብተር ያዙ። የተኛበትን ሰዓት፣ ጠዋት ስንት ጊዜ ተጠርቶ እንደተነሳ፣ ገበታ ላይ ስልክ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ማን ከማን ጋር በምን እንደተጣላ ጻፉ። በዚያ ሳምንት አትቆጡ። ይሄ ለአበሻ ወላጅ ከሁሉም እርምጃ ከባዱ ነው።

የስልኩን ቁጥር ልጁ ራሱ ያሳያችሁ። ቴክኖም ይሁን ኢንፊኒክስ ወይም ሳምሰንግ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢይንግ የሚል አለ፤ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም ይባላል። የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደወሰደና ስልኩ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይናገራል። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ገምት በሉት። እኔ ልጄን "በቀን ስንት ሰዓት ይመስልሻል?" ስላት "ሁለት ቢሆን ነው" አለች። 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። ከእኔ ይልቅ የደነገጠችው እሷ ናት፤ ያ ድንጋጤ ከእኔ ምክር ሁሉ በልጧል።

የሌሊቱን ለማወቅ ስለላ አያስፈልግም። ጠዋት ቴሌግራም ላይ የልጃችሁን ላስት ሲን (ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት) እዩ፤ ካልደበቀው ሁሉንም ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፦ የራሳችሁን ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ

የእኔ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር። ባለቤቴ "እኔ እኮ ዜና ነው የማየው" አለ። ዜናውም 3 ሰዓት ከምናምን ነው። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ አየችን ብቻ።

ሦስተኛ፦ ቡና ሲፈላ አውሩት

የማርክ ካርድ በመጣበት ቀን አታንሱት። በተጣላችሁበት ማታም አይሆንም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ሲፈላና ማንም ሲቸኩል ካልሆነ ጥሩ ነው። "ይሄ ስልክ አጠፋህ" ብሎ የሚጀምር ንግግር የት እንደሚያልቅ ልጁ ያውቀዋል፤ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ያሳልፈዋል። "ሌሊት እንቅልፍ እያጣህ ነው፤ እኔም እንዳንተው ነኝ። ምን ብናደርግ ይሻላል?" ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም ቀድማችሁ አትሙሉት።

ስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ የምትሰሙት ይገርማችኋል። እኔ ዳንስና ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን "እማዬ፣ የክፍል ልጆች ግሩፕ ላይ የሚወራው ማታ ነው። ካልገባሁ ጠዋት የሚስቁበት ነገር አይገባኝም" አለችኝ። ለ15 ዓመት ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከሰፈር ጨዋታ መገለል ማለት ነው። ይህን ሳታውቁ ሕግ ብታወጡ ለመጣስ የተዘጋጀ ሕግ ነው የምታወጡት።

ስምምነቱ ከሦስት መስመር አይለፍ፤ በልጁ እጅ ይጻፍ፣ ሁላችሁም ፈርሙ። የእኛ እንዲህ ይላል፦ ከምሽቱ 3፡30 በኋላ የሁሉም ስልክ ሳሎን ነው። ገበታ ላይ ስልክ የለም። ይህን ያፈረሰ ሰው፣ አባትም ቢሆን፣ በማግስቱ ዕቃ ያጥባል። ባለቤቴ እስካሁን አራቴ አጥቧል።

አራተኛ፦ ሌሊቱን አስመልሱ

ዋናው እዚህ ነው፤ ዘርዘር ላድርገው።

ቡፌው ላይ አንድ ማከፋፈያ ሰክታችሁ የሁሉንም ቻርጀር እዚያ አድርጉ። መኝታ ቤት ውስጥ ቻርጀር አይኑር፤ የእናንተም ጭምር። ልጁ መጀመሪያ የሚያነሳው ክርክር "ታዲያ በምን ልነሳ?" ነው። ከክርክሩ በፊት ከሰፈር ሱቅ የምትደውል ትንሽ የባትሪ ሰዓት ገዝታችሁ ጠብቁት። እኔ ሳልገዛ ጀምሬ በሁለተኛው ቀን ተሸንፌያለሁ።

ቀጥሎ መብራት አለ። "መብራት ጠፍቶ ስለነበር አሁን ቻርጅ ላድርግ" የሚለው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይመጣል። ፓወር ባንኩም ሳሎን ይደር። አሮጌ ስልኮችንም አስታውሱ። ስክሪኑ የተሰነጠቀው፣ "አይሠራም" ተብሎ መሳቢያ የገባው ስልክ በዋይፋይ ቲክቶክ ለማየት ከበቂ በላይ ይሠራል። ዋይፋይ ካላችሁ ስትተኙ ሳጥኑን ከሶኬት ንቀሉት።

ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጥቅሉን ሂሳብ ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ረከስ ያለ ነው፤ የኪስ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ልጅ ደግሞ ጎበዝ ነጋዴ ነው፣ ርካሹን ይገዛል። ሌሊት የሚነቃው ባለጌ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ዳታው ያኔ ስለሚገኝ ነው። እኔ ተደራደርኩ፦ የሌሊት ጥቅል እንዳትገዛ፣ በምትኩ በየሳምንቱ መጠነኛ የቀን ጥቅል በቴሌብር እገዛላታለሁ። *999# ላይ አብራችሁ ገብታችሁ ዋጋዎቹን ተመልከቱና እሱ ይምረጥ። ወጪው ትንሽ ይጨምራል፤ ከማስጠኛ ግን ይረክሳል።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ አይደለም፤ ተዘጋጁ። ልጁ ይነጫነጫል፣ በር ይወረውራል፣ እራት አልበላም ይላል። በሦስተኛው ሌሊት ሳሎን ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። ልጄ መብራት ሳታበራ ቡፌው አጠገብ ቆማለች። ስልኩን አላነሳችውም። በአንድ ጣቷ ስክሪኑን ነክታ አበራችው፣ ፊቷ ሰማያዊ ሆነ፣ ማን እንደጻፈ አየች፣ ጠፋ። ደግማ ነካችው። ልቆጣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ "ሻይ ላፍላልሽ?" አልኳት። ጠጥታ ገባች። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት አልተነሳችም።

ለምን ከሌሊት እንደምጀምር የሚጠይቁኝ አሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከጉርምስና ጋር የሰውነቱ ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ቶሎ እንቅልፍ አይመጣለትም፤ ስልኩ በዚያ ላይ ሌላ ሦስት አራት ሰዓት ይጨምርበታል። ቀን የተማረውን አእምሮው የሚያደላድለው ደግሞ ተኝቶ ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቢያጠናም በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው። ቤት ውስጥ ያለው ጠብም እኩሌታው የእንቅልፍ ጠብ ነው፤ በቂ የተኛ ልጅ "እንደምን አደራችሁ" ማለት ይጀምራል። ሙከራ አድርጉት።

እናቱ ወይም እህቱ ቤሩት፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ያለችበት ልጅ ግን ሌላ ነው። ተማሪዎቼ ውስጥ እናታቸውን በኢሞ ብቻ የሚያውቁ አሉ፤ ስልኩን የላከችውም እሷ ናት። እሷ ሥራ ጨርሳ የምትደውለው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ አያቱ ወይም አክስቱ "ስልክህን አምጣ" ስትለው የሚሰማው "እናትህን አምጣ" ነው። መጀመሪያ ለእናቲቱ ደውሉ፤ የዕረፍት ቀኗን ጠይቁና ቋሚ ሰዓት ያዙ። ሌሊት መደወሏ ግድ ከሆነ ጥሪው በአሳዳጊው ስልክ ይግባ፤ ልጁም ሳሎን መጥቶ ያውራ።

አምስተኛ፦ ቴሌግራምን ከጥናቱ ለዩ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም የመምህራኑ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኖቱንም ወርክሺቱንም በቴሌግራም መላክ ጀመርን። ስልክ ያልነበረው ልጅ ተገዛለት። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ቴሌግራሙ ግን ቀረ። አሁን "እያጠናሁ ነው" የሚለው ልጅ ውሸታም ላይሆን ይችላል። ኖቱን ሊያወርድ ይገባል፣ ከላይ 63 ያልተነበበ መልእክት ያያል፣ በዚያው ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፋይሉን አውርዶ ዳታውን ያጥፋ፣ ከዚያ ያንብብ። ወርክሺት ከሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙለት። ጥናት ያልሆኑትን ግሩፖች ድምፃቸውን አጥፍቶ አርካይቭ ያድርጋቸው፤ ድምፁ የጠፋ ግሩፕ አዲስ መልእክት ቢመጣም ከአርካይቭ አይወጣም። ወላጅ ስብሰባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ መምህራን የሚልኩት ሁሉም በሚያወራበት ግሩፕ መሆኑ ቀርቶ መምህር ብቻ በሚጽፍበት ቻናል ይሁን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላም አይላክ። እኛ መምህራን ብናነሳው "ሥራ ሽሽት ነው" ይባላል፤ ከናንተ ሲመጣ ይሰማል።

የፈተና መልስ እንሸጣለን የሚሉ ቻናሎችን እንዳያምን ንገሩት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2008 ዓ.ም. በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ከተሰረዘ ወዲህ "ዘንድሮም ወጣ" እያሉ ከልጆች ብር የሚሰበስቡ አልጠፉም።

ስድስተኛ፦ ሴቲንጉ

ባጭሩ፣ ብዙ አትጠብቁበት። ከሁሉም የሚጠቅመው የቲክቶክን፣ የኢንስታግራምንና የዩቲዩብን ኖቲፊኬሽን ማጥፋት ነው። ዲጂታል ዌልቢይንግ ላይ ለየአፑ የጊዜ ገደብ ይደረጋል፤ ግን ያደረገው ልጅ ራሱ ያነሳዋል። ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ጠንከር ይላል፤ በትልልቆቹ ላይ ሳይነግሩ መጫን ግን ጠብ መግዛት ነው። ዋናውን ዘግታችሁ ቲክቶክ ላይት፣ ቴሌግራምን የሚከፍተው ፕላስ ሜሴንጀር ወይም የአፕ ቅጂ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እዩ፦ የልደት ዓመቱን። ቲክቶክ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ ያደርጋል፤ ከ16 በታች ለሆኑት ደግሞ በግል መጻጻፍን ጨርሶ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕድሜው በትክክል ከተሞላ ነው። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ሳይዋሹ ይዋሻሉ። በ2002 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2002 ብሎ ይሞላል፤ አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና ልጁ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያድጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣለት ሁሉ ለአዋቂ የተዘጋጀ ነው።

ሰባተኛ፦ የተረፈውን ሰዓት ምን ትሞሉበታላችሁ?

ከ5 ሰዓቱ ሁለቱን ብታስመልሱ ባዶ ሁለት ሰዓት አላችሁ። ባዶውን ካልሞላችሁት ስልኩ ይመለስበታል። ሜዳ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ የሰፈር ጓደኛ፣ ሁሉም ይሆናል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አራት ኪሎ አካባቢ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ይሂድ። አብዛኛውን ሰዓት ሲያወሩ ቢውሉም ፊት ለፊት ነው።

የሴት ልጅ ወላጆች፣ እባካችሁ የተረፈውን ሰዓቷን በወጥ ቤት አትሙሉት። ወንዱ ስልኩን አስቀምጦ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ እሷ ሽንኩርት እንድትልጥ ከተባለች፣ ቲክቶክ ለእሷ ብቸኛው ዕረፍቷ ነበር ማለት ነው። ትመለስበታለች፤ አልፈርድባትም።

ክረምት ሲመጣ ሁሉም ነገር እንደሚፈርስ ዕወቁ። ሁለት ወር ዝናብ፣ ትምህርት የለም። በጳጉሜ እንደገና ቡና አፍሉና ከሦስቱ መስመር ጀምሩ። እኛ ሁለት ጊዜ ጀምረናል።

ከቤት አቅም በላይ ሲሆን

ልጁ መብላት፣ መውጣት፣ ጓደኛ ማየት ካቆመ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም "ብሞት ይሻላል" የሚል ቃል ከወጣው፣ የስልኩን ነገር ተዉትና ወደ ሐኪም ሂዱ። አማኑኤል ሲባል የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፤ የጭንቀትና የድብርት ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ነው፣ ልጅን ወስዶ ማሳየት አያሳፍርም። ፎቶዋን ይዞ የሚያስፈራራት ሰው እንዳለ ልጃችሁ ከነገረቻችሁ ደግሞ "ለምን ላክሽ?" አትበሉ። ብር አትክፈሉ፣ መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ፖሊስ ውሰዱት። በነገረችኝ ጊዜ ጮህኩባት ያለችኝ እናት አለች። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ምንም አልነገረቻትም።

የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቀኑን ቁጠሩ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በኋላ በኦንላይን የሚፈተኑም መጥተዋል። በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ሁሉ በቲክቶክ ላይ የሚደፋ ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ፤ መጽሐፍ ሳይደርሰው የተፈተነ ልጅ አለ። ግቢ ያደረ ተፈታኝ ግን ስልክ ይዞ አይገባም። አንዱን ተማሪዬን ጨርሶ ሲመለስ "ምኑ ከበደህ?" አልኩት። ፊዚክስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ "የመጀመሪያው ማታ" አለኝ። ያንን የመጀመሪያ ማታ ከሚያዝያ ሳያልፍ ቤታችሁ ውስጥ ያሳልፈው።